የተገዘተው አረቄ

«አባዬ፣ በሩን ዝጉልኝ፤ ጭጋጉ እየገባ ነው» አለ ዘመኑ።

ክፍሉ ውስጥ ጭጋግ አልነበረም። ውጭም አልነበረም። ሌሊቱን ሲያጓራ ያደረው ዝናብ ጋብ ብሎ የዋርካ ሜዳ ጤና ኬላ ቆርቆሮ በጠዋት ፀሐይ ያብረቀርቃል። ሐብቴ ግን ሄዶ በሩን ዘጋ። አንድ ልጁ ዓይኑን አፍጥጦ ወደ ጣሪያው ያያል፤ የሚያየው ግን ጣሪያውን አይደለም። ከጎኑ ትናንት አብረውት ደቦ የወጡ ጎረምሶች ሰሌን ላይ ተዘርግተዋል። አንዱ ያስታውካል፣ አንዱ ዳገት እንደወጣ ሰው ያለከልካል።

ነርሷ ሲስተር ዮርዳኖስ ከጉብታው ወርዳ ስትገባ ጫማዋ በጭቃ ተለውሶ ነበር። በዚያ ቆላ ስልክ የሚሠራው ጉብታው ላይ ብቻ ነው። የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት፤ ነገር መጠቅለል አታውቅም።

«ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ያለውን ሐኪም አግኝቸዋለሁ» አለች። «የጠጡት ለሰው የሚሆን አልኮል አይደለም። ሜታኖል ይሉታል፤ ለፋብሪካ ሥራ የሚሆን ነው። መጀመሪያ ዓይን ያጠፋል፣ ቀጥሎ ነፍስ ያጠፋል። መድኃኒቱ ሆስፒታል አለ፤ እኛ ግን ድልድይ የለንም።»

ድልድዩን የብር ወንዝ ከትናንት በስቲያ ጠራርጎ ወስዶታል።

«ጀልባ ነገ ይደርሳል ብለውኛል። እስከዚያ መርዙን የሚያዘገየው አንድ ነገር ነው፤ እኔ እየለካሁ የምሰጣቸው፣ ሁለት ጊዜ የወጣ ንጹሕ ዳግም አረቄ።»

ሐብቴ የሰማውን አላመነም። «ምን አልሽ?»

«አረቄ፣ አባቴ። እሾህን በእሾህ ነው። ቁስል የማጥብበት አልኮል አለኝ፤ ምን እንደተቀላቀለበት ስለማላውቅ ግን አላጠጣቸውም። ንጹሑን ካመጣችሁልኝ ዓይናቸውም ነፍሳቸውም ሊተርፍ ይችላል። እስኪመሽ ካልመጣ ግን እኔ የማደርገው የለኝም።»

በዋርካ ሜዳ አንዲት መለኪያ አረቄ አልነበረም፤ እንዳይኖር ያደረገውም ይኸው ሐብቴ ነው። አባቱ በሬውን፣ መሬቱን፣ በመጨረሻም ትዳሩን በአረቄ የጨረሰ ሰው ነበርና ሐብቴ በዕድሜው አንድ ጠብታ አረቄ ሳይቀምስ አረጀ። ባለፈው ዓመት በሚካኤል ንግሥ ሁለት ሰካራሞች ተጣልተው አንዱ ሲሞት አገሩን አስነሳ። ቄስ ወልደ ገብርኤል መስቀላቸውን አነሡና «አረቄ ያወጣ፣ የሸጠ፣ የጠጣ፣ የተሸከመ የተወገዘ ይሁን» ብለው ገዘቱ፤ ሕዝቡም አሜን አለ። ከዚያ ወዲህ ሐብቴ በየጠዋቱ ጉብታው ላይ እየወጣ በማን ጓሮ ጭስ እንደሚጎለጎል ያያል፤ ይወርድና የአረቄውን ጋን በዱላው ይሰብራል። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ጥሩ ሥራ ነበር። ስካሩ ቀነሰ፣ ሚስቶች መረቁት፣ ለአንድ ክረምት ያህል ሰላም ወረደ።

ሰው ግን መጠጣቱን አልተወም፤ የሚጠጣበትን ቦታ ነው የቀየረው። የፋብሪካው መጠጥ እንደሆነ ቀረጥ በላይ በላዩ እየተጫነበት ከገበሬ አቅም ርቋል። ይኼን ጊዜ ወንድምአገኝ የሚባል የቡሬ ነጋዴ በጀሪካን የተሞላ መጠጥ በጫካ መንገድ ያስገባ ጀመር። የወጣበትን ጋን ያየ የለም። በጓሮ አይጨስም፤ ጠባቂው ደግሞ የሚጠብቀው ጭስ ነው። ሕዝቡ «ጭስ የለሽ» የሚል ስም አወጣለትና፣ ይባስ ብሎ የራሱን ፍርድ ሰጠ፦ የተገዘተው የአገሩ አረቄ ነው፣ ይኼ ግን ከሩቅ የመጣ የማይታወቅ ነገር ነው፣ ስለዚህ ውግዘቱ አይደርስበትም። ዘመኑና ጓደኞቹ ትናንት የሐብቴን በቆሎ ሲኮተኩቱ ዋሉ፤ ሐብቴ ያቀረበው ጠላ ለጎረምሳ ጉሮሮ አልበቃ ቢላቸው ሸንበቆው ዳር ተሰብስበው ጭስ የለሽ ጠጡ። ውግዘት እንዳይነካቸው ተጠንቅቀው መርዝ ጠጡ።

«ንጹሕ ዳግም ማን ጋ ይገኛል?» አለች ዮርዳኖስ።

ዙሪያውን የቆሙት ዘመዶች ወደ ሐብቴ አይተው አንገታቸውን ደፉ። ስለማያውቁ አልነበረም፤ ሐብቴ ፊታቸው ስለቆመ ነው።

«ሰርካለም ጋ» አለ አንድ ድምፅ ከበሩ ውጭ። አለበል ነበር፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ በዋና የታወቀ፣ በመጠጥ ግን ይበልጥ የታወቀ። ባለፈው ጥር ሰክሮ ሲገኝ ሐብቴ በሕዝብ ፊት አስቀጥቶታል። «ጋኗን ከሰበሩባት ወዲህ ከብር ማዶ ገደሉ ላይ፣ ቀርቀሃው ውስጥ ናት። መንገዱን እኔ አውቀዋለሁ።»

«አንተ ከየት ታውቀዋለህ?»

«ለወንድምአገኝ ስሸከም።» አለበል ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። «የትናንቱንም ጀሪካን ያሻገርኩት እኔ ነኝ፣ አያ ሐብቴ። ምን እንዳለበት አላወቅሁም። መምታት ከፈለጉ ይምቱኝ፤ ግን ሄደን ስንመለስ ይሁን።»

የሐብቴ ዱላ ከፍ አለ። ከፍ እንዳለ ቆየና ወረደ። በሽተኞቹን ጠበል ሊረጩ መጥተው ወደነበሩት ወደ ቄስ ወልደ ገብርኤል ዞረ።

«አባ፣ ከግዝቱ ይፍቱኝ።»

«ሕዝብ ባለበት የታሰረ ሕዝብ በሌለበት አይፈታም፣ ልጄ» አሉ ቄሱ። «ደወል አስደውላለሁ። ግን ሰው ከየማሳው እስኪሰበሰብ ቀኑ ይመሻል።»

«እንግዲያው እርስዎ ሕዝቡን ይሰብስቡ። እኔ እንደታሰርኩ እሄዳለሁ» አለና ወጣ።

አለበል ፊት ፊት እየመራ ቁልቁለቱን ተያያዙት። መንገዱ መንገድ አይባልም፤ በአጋምና በቀጋ መካከል ሸካሚዎች ሹልክ እያሉ ያቀኑት ቀጭን ሰርጥ ነው። እሾሁ ጋቢ ይጎትታል፣ ጭቃው እግር ይይዛል። ጥቂት እንደሄዱ ሰማዩ ጠቆረና ሽምብራ የሚያህል በረዶ ይወርድ ጀመር፤ ቆይቶም ባቄላ አከለ። ሐብቴ ጋቢውን በራሱ ላይ አጥፎ ሮጠ። አለበል የሚሸፈንበት ስላልነበረው በሁለት እጁ ጭንቅላቱን ይዞ እየዘለለ ወረደ።

«አያ ሐብቴ» አለ እያለከለከ፣ «እርስዎ አረቄ ፍለጋ ሲሮጡ አያለሁ ብዬ አላስብም ነበር።»

«ዝም ብለህ ሩጥ።»

«የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይሉ የለ? እኔ እኮ አልፈረድኩም።»

ሐብቴ እርምጃውን አፈጠነ። ወደ አንድ ደረቅ ሸለቆ ገብተው እኩሌታውን እንዳለፉ ከላይ በኩል አንድ ነገር አጓራ። አለበል ዘወር ብሎ ሳያይ የሐብቴን ክንድ ጨምድዶ ወደ ዳገቱ ጎተተው። የሾላ ሥር ላይ ተንጠለጠሉ። ቡናማው ጎርፍ ግንድና ድንጋይ እያላጋ ቆመውበት በነበረው ቦታ አለፈ፤ አንዲት ጥጃም ሆዷ ተነፍቶ አብራ አለፈች። ሐብቴ ሥሩን እንደጨበጠ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራ። ስለ ራሱ አልነበረም። እሱ እዚህ ቢቀር ያን በር ለዘመኑ ማን ይዘጋለታል ብሎ ነው።

ብር ወንዝ ሲደርሱ ውሃው ዳርና ዳሩን ውጦ ነበር። ከአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ወፍራም ገመድ ወደ ማዶ ተወጥሯል፤ መሀሉ አልፎ አልፎ ውሃው ውስጥ ይጠልቃል። ከግንዱ ጀርባ ባዶ ጀሪካኖች በመጫኛ ታስረው ተከምረዋል።

«የወንድምአገኝ ድልድይ ነው» አለ አለበል። «የመንግሥት ድልድይ ቢወሰድም የሱ አልተወሰደም።»

ጀሪካኖቹን በየብብታቸው አስረው ገቡ። ውሃው ሐብቴን ከመሬት ነጥቆ አግድም ዘረጋው። ዋና አያውቅም፤ የሚያውቀው መያዝ ነው። ገመዱን እጅ በእጅ እየጨበጠ፣ በአፍ በአፍንጫው ጭቃ ውሃ እየገባ ተጎተተ። መሀል ላይ የተነቀለ ግራር ሲመጣ አለበል ጮኸለት፤ ጎንበስ ብሎ ከውሃው በታች ሆነ፤ ቅርንጫፉ ጀርባውን ቧጦት አለፈ። ማዶው ሲቃረብ ውሃው ረገብ አለና ሐብቴ እፎይ ሊል ሲል አለበል ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አይንቀሳቀሱ። ያ ግንድ አይደለም። ጎርፍ ሲሆን አዞ እንደ ሰው ጥግ ይፈልጋል።»

ግንድ የመሰለው ነገር ዓይን ነበረው። ቀስ ብሎ ሰመጠ። ሐብቴ ገመዱን ጨብጦ እግሩን ወደ ሆዱ ሰበሰበ፤ ስመ እግዚአብሔርን ጠራ። ወዲያው ከብብቱ ሥር ኃይለኛ ጉተታ መጣና ጀሪካኑ ጷ ብሎ ፈነዳ። አዞው የነከሰው ፕላስቲኩን ነው። አለበል ዳር ደርሶ ስለነበር ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየደራረበ ወደ ውሃው ወረወረ፤ ሐብቴም ዱላውን ከወገቡ መዝዞ የሚታየውንም የማይታየውንም ደበደበ። እንዴት አሸዋው ላይ እንደወጣ ራሱም አያውቅም። ዱላው ተሰብሮ እኩሌታው ብቻ እጁ ላይ ቀርቷል።

ገደሉን በእጅና በእግር ወጡ። ከላይ የዝንጀሮ መንጋ ተቀምጦ ሲያያቸው ቆየና ትልቁ ወንዱ ጥርሱን አሳይቶ ሲነሳ መንጋው ተራወጠ፤ ከእግራቸው ሥር የተፈነቀለው ድንጋይ እየተንከባለለ ወረደ። ሁለቱም ከቋጥኙ ጋር ተለጥፈው ጠበቁ። አንዱ ድንጋይ የአለበልን ግንባር ፈነከተው። ደሙን በክንዱ ጠርጎ መውጣቱን ቀጠለ።

ሰርካለም ቀርቀሃው መሀል ካለችው ጎጆዋ ደጅ እሳት ስትቆሰቁስ አገኟት። ክንደ ብርቱ ሴት ናት። ሐብቴን ስታይ አልተነሳችም፤ አንድ የሚነድ ፍልጥ ብቻ ከምድጃው አወጣች።

«አያ ሐብቴ፣ እንኳን ደህና መጡ። ጋኑ እዚያ ነው። ዱላዎ ግን አጥሯል።»

«ለዚያ አልመጣሁም፣ ሰርካለም።»

«ታዲያ እንዳመሰግንዎት ነው የመጡት? ይገባዎታል። ከከለከሉኝ ወዲህ እኮ ነው ገንዘብ ያየሁት። ድሮ ተከራክሮኝ፣ ተቆጥቶኝ የሚገዛው ሰው ዛሬ አንገቱን ደፍቶ በእጥፍ ይወስዳል። የጫካ መንገድ ጠባቂና ቀማኛ ድርሻውን ሲበላ ነው እንጂ የሚያናድደኝ።»

ሐብቴ ጭቃ የለበሰ ጋቢውን ሰብስቦ ተንበረከከ። ያንን ሰው ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ተንበርክኮ ያየው አልነበረም።

«ጭስ የለሽ ጠጥተው ነው። ዘመኑ ዓይኑ እየጠፋ ነው። ነርሷ ንጹሕ ዳግም ብቻ ነው የሚያቆየው አለችኝ። ጋንሽን ሰብሬያለሁ፤ የምትይኝን ሁሉ በይኝ። አረቄውን ግን አትከልክይኝ።»

ሰርካለም ፍልጡን ወደ ምድጃው መለሰችው። ፊቷ ላይ የነበረው ፌዝ ጠፋ።

«ዘመኑ? ያ ጓሮዬን ዘሎ ሸንኮራዬን ሲሰርቅ ያደገው?» አለች። «ይነሱ። በልጅ ነገር ሰው አላንበረክክም።»

ከጎጆዋ ሁለት ጀሪካን ይዛ ወጣች። ከአንደኛው በመለኪያ ቀዳችና ለነሱ ሳትሰጥ ራሷ ጨለጠችው። ከሁለተኛውም ቀድታ እንደዚያው አደረገች።

«ምን ታደርጊያለሽ? ቸኩለናል» አለ ሐብቴ።

«ከእጄ የወጣ ነገር እኔ ሳልቀምሰው የሰው አፍ ገብቶ አያውቅም። እናቴም እንዲሁ ነበረች። የሸጠ በገዢው ፊት ይቀምሳል፣ ከዚያ ገዢው ይጠጣል። ወደ ጫካ ስታባርሩን መጀመሪያ የጠፋው ይኼ ወግ ነው፤ በጨለማ ለሚሸጥ ማን ቅመስ ይለዋል? አለበል፣ ወንድምአገኝ ከጀሪካኑ ሲቀምስ አይተኸው ታውቃለህ?»

አለበል አሰበ። «አላየሁም» አለ ቀስ ብሎ። «አንድ ቀንም አላየሁም።»

ሰርካለም ክዳኖቹን አጠበቀች። «ግማሽ ግማሽ አድርጌዋለሁ። ውስጡ አየር ከሌለው ወንዙ ይውጠዋል። በሉ ሂዱ።»

ጀሪካኑ ጀርባው ላይ ሲታሰርለት ሐብቴ ዓይኑን ጨፈነ። ራሱ አሜን ያለበትን ግዝት ተሸከመ። ሰማይ ይደፋብኛል ብሎ ጠበቀ፤ የተሰማው ግን ክብደት ብቻ ነበር፣ ውሃ እንደተሸከመ ሰው። ገደሉን ቁልቁል ሮጠው ወረዱ።

ገመዱ ጋ ሲደርሱ ወንድምአገኝ ከሁለት ሸካሚዎች ጋር ቆሞ ነበር። የከተማ ጃኬት ለብሷል፤ እጁ ላይ ገጀራ አለ። ዕቃው በላስቲክ ተሸፍኖ ተደርድሯል።

«አለበል፣ በእኔ ገመድ የሌላ ሰው ዕቃ አይሻገርም ብዬህ አልነበር?» አለ። ከዚያ ከኋላ ያለውን አየና ሳቀ። «አያ ሐብቴ! እርስዎም ነጋዴ ሆኑ?»

ሐብቴ ትንፋሹን እየሰበሰበ ነገረው፤ ጎረምሶቹን፣ መርዙን፣ የልጁን ዓይን። የወንድምአገኝ ፊት ለአፍታ አመድ መሰለ። ቶሎ ግን መለሰው።

«እኔ አላወጣሁትም። ቡሬ ላይ ከአይሱዙ ይወርዳል፤ እገዛለሁ፣ እሸጣለሁ፣ ሌላ አላውቅም። ደግሞስ እኔን ማን አመጣኝ? እርስዎ ባይከለክሉ ማን ይገዛኝ ነበር? የፊት በሩን ዘግተው የጓሮውን የከፈቱልኝ እርስዎ ነዎት።»

ቃሉ ሐብቴን ከበረዶውም ከእሾሁም በላይ አመመው፤ እውነት ነበረበትና።

«ልክ ነህ» አለ። «የኔን ድርሻ እኔ እሸከማለሁ። አንተ ደግሞ ያንተን ቅመስ። ያ ጀሪካን ያንተ አይደል? ክፈትና እዚሁ ፊታችን አንድ ጉንጭ ጠጣለት። ከጠጣህ ይኼን ውሰደው፣ እኛ እንመለሳለን።»

ወንድምአገኝ ጀሪካኑን አየ። ሊስቅ ሞከረ፤ ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። ሸካሚዎቹ ጀሪካኑን ትተው የሱን ፊት ማየት ጀመሩ።

«ይቅመሱት እንጂ፣ ጋሼ» አለ ዘሩ የሚባለው ሸካሚ። ዓይኑን አሻሸ። «እኔ ትናንት ማታ ጠጥቻለሁ። ከጠዋት ጀምሮ ሁሉ ነገር ብዥ ይልብኛል ስልዎት ድካም ነው ብለውኝ ነበር። ድካም ከሆነ ይቅመሱት።»

ወንድምአገኝ አልቀመሰም። ሁለተኛው ሸካሚ የተሸከመውን መሬት ላይ ጥሎ ዳገቱን ይዞ ሄደ። ዘሩ ወደ ሐብቴ ተጠጋ።

«እኔንም ይውሰዱኝ፣ አባቴ።»

«ና» አለ ሐብቴ። «ገመዱን እስከ መጨረሻው አትልቀቅ።»

ሦስቱ ገቡ፤ አለበል ፊት፣ ዘሩ መሀል፣ ሐብቴ መጨረሻ። ግማሽ የሆኑት ጀሪካኖች ሰርካለም እንዳለችው ተንሳፈፉ። ወንዙ ከጠዋቱ ይልቅ ብሶበታል። መሀሉን እንዳለፉ ሐብቴ ዘወር ቢል ወንድምአገኝ ገጀራውን ሲያነሳ አየ። አንድ ጊዜ መታ። ሁለተኛ ሲመታ ገመዱ ላላ፣ ወንዙም ሦስቱንም ይዟቸው ነጎደ።

የአለበል ጩኸት ራቀ። ሐብቴ ሰመጠ፣ ተነሳ፣ ደግሞ ሰመጠ። ጀርባው ላይ ያለው ጀሪካን ወደ ላይ ይጎትተዋል፤ አገሩን ሁሉ የከለከለው ነገር አንገቱን ከውሃ በላይ ያዘለት። የዘሩ እጅ ከፊቱ ብቅ ብሎ ሲጠፋ አየና ፀጉሩን ጨመደደው። ልጁ በድንጋጤ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ፤ ሁለቱም ሰጠሙ። ሐብቴ የገዛ ጠፈሩን ፈትቶ የጀሪካኑን እጀታ ለዘሩ አስጨበጠውና ራሱ በሌላኛው ጎን ተንጠለጠለ። ከዚያ አንድ ጠንካራ ነገር ደረቱን መታው። ብረት ነበር። ጎርፍ የጣለው ድልድይ አንድ ጎኑ ከነብረቱ ተጣሞ ወደ ውሃው ዘሟል፤ በነሱው ዳርቻ በኩል። አለበል ቀድሞ ደርሶ ብረቱን በእግሩ ቆልፎ ይዟል፤ ሁለተኛው ጀሪካን ጥርሱ ላይ በጠፈሩ ተንጠልጥሏል። እጁን ዘረጋላቸው።

ዳር ወጥተው ጭቃው ላይ ሲዘረሩ ሐብቴ መጀመሪያ የነካው ክዳኖቹን ነበር። አልተከፈቱም። ከሩቅ የሚካኤል ደወል ይሰማል። ፀሐይ ተራራው ጫፍ ላይ ደርሳለች።

«ይነሡ፣ አያ ሐብቴ» አለ አለበል እየሳለ። «ደወሉ ለኛ ነው።»

ዘሩን ከግራና ቀኝ ደግፈው ዳገቱን ወጡ። ጤና ኬላው ደጅ አገሩ ሁሉ ተሰብስቧል። ሐብቴ ከነጭቃው፣ ከነደሙ፣ ጀሪካኑን በግልጽ ተሸክሞ በመሀላቸው ሲያልፍ ሰው ሁሉ እየተከፈለ አሳለፈው። ዮርዳኖስ አንዱን ጀሪካን ተቀብላ አሸተተች፣ በሲሪንጅ ለካች፣ ብርጭቆ ላይ አድርጋ ከስኳር ውሃ ጋር ወደ ዘመኑ አፍ አቀረበች። ዘመኑ ሽታውን ሲያገኘው አፉን ገጠመ።

«አልጠጣም።»

«መድኃኒት ነው፣ ዘመኑ» አለች።

«አረቄ ነው። ሽታውን አውቀዋለሁ። ከሞትኩም ሳልወገዝ ልሙት። ደግሞ ትናንትም ንጹሕ ነው ብለውን ነው የጠጣነው።»

የሌሎቹም አፍ ተገጠመ። ዮርዳኖስ የሕክምና ቃል ሁሉ ደረደረች፤ የሚሰማት አልነበረም። ጊዜው እየሄደ ነው። ሐብቴ ልጁ አጠገብ ቁጢጥ አለ። አሁን ገና ገባው፤ ልጁን ያሠረው ገመድ የሱ የራሱ ነው። ከጀሪካኑ በመለኪያ ቀድቶ ወደ ደጅ ወጣና ሰው ሁሉ እንዲያየው ከፍ አደረገው።

«ስሙኝ» አለ። «ግዝቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ለበጎ ነበር። ግን ጭሱን እንጂ መርዙን አልጠበቅሁም፤ የሚታየውን አጥፍቼ የማይታየውን አስገባሁባችሁ። ይኼን የሰጠችኝ ሰርካለም መጀመሪያ ራሷ ቀምሳ ነው። እኔም እቀምሳለሁ። ውግዘት ካለ ከልጆቹ በፊት በእኔ ላይ ይሁን።»

ጨለጠው። በሕይወቱ የመጀመሪያው ነበር። ጉሮሮው ነደደ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ጎንበስ ብሎ እስኪያንቀው ሳለ። ማንም አልሳቀም። ቄስ ወልደ ገብርኤል ከሕዝቡ መሀል ወጡ። መስቀሉን በያዘው እጃቸው የሐብቴን ራስ ዳሰሱ፤ እንባቸው በጺማቸው ይወርዳል።

«በአንድ አፍ አስረናል፣ በአንድ አፍ እንፍታ» አሉ። «ለሕይወት የተሸከመውን፣ ለሕይወት የሚጠጣውን እግዚአብሔር ይፍታው በሉ።»

«እግዚአብሔር ይፍታው!» አለ ሕዝቡ።

ዘመኑ ከውስጥ ሰማ። አፉን ከፈተ።

ዮርዳኖስ ስትለካ፣ ስትሰጥ፣ ስትቆጣ አደረች። በማግስቱ ጀልባው ደረሰና በሽተኞቹን ሁሉ፣ ዘሩን ጨምሮ፣ አሻግሮ ፍኖተ ሰላም አስገባቸው። ሁሉም በሕይወት ተረፉ። ከጎረምሶቹ ተስፋው የሚባለው ግን ዓይኑ እስከ ወዲያኛው ጠፋ፤ ስለሱ ማንም ማጽናኛ አላገኘም። መሬቱን ሐብቴ ያርስለት ጀመር። ወንድምአገኝ ቡሬ መግቢያ ላይ ተያዘ። ያንን ነገር ከአይሱዙ ያወረደለት ሰው ግን እስካሁን አልታወቀም፤ ሌላ ቀበሌ ሌላ ስም አውጥቶለት ይሸጥ እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አገሩ ተቀመጠ። ክርክሩ ቀላል አልነበረም። በሚካኤል ንግሥ የሞተ ወንድሟን ያስታወሰች አንዲት ሴት «ልትመልሱብን ነው?» ብላ አለቀሰች፤ ሐብቴም አብሯት አለቀሰ። በመጨረሻ እንዲህ ተባለ፦ አረቄ የምታወጣ በግልጽ ታውጣ፤ የሸጠ በገዢው ፊት ይቅመስ፤ ሰክሮ እጁን ያነሳ ግን በእጁ ይጠየቅ፣ ሽማግሌም አይለምንለት። ሐብቴ ያን ዕለት ከገበያ አዲስ ጋን ተሸክሞ፣ በጀልባ ተሻግሮ የብርን ዳገት ሲወጣ ያዩት ልጆች ተከትለው ሳቁበት፤ እሱም አልተቆጣም። ሰርካለም ጋኑን በጣቷ አንኳኩታ ድምፁን ሰማችና «ጥሩ መርጠዋል፤ የሰበረ ሰው ጋን ያውቃል» አለችው።

ከዚያ ወርዶ በቀጥታ ሆስፒታል ሄደ። ዘመኑ አልጋው ላይ ተቀምጦ ነበር። ዓይኑ ገና ቀልቶ፣ ብርሃን እየከበደው ወደ በሩ ዞረ። ሐብቴ ድምፁን ሳያሰማ ቆመ፤ ለመጠየቅ ፈርቶ ነው።

ዘመኑ ዓይኑን ጨፈን ከፈት አደረገና አፈጠጠበት።

«አባዬ» አለ፣ «ሽበትዎ እንዲህ ብዙ ነበር እንዴ?»

«ድሮም ነበር» አለ ሐብቴ። «አንተ አላየኸውም እንጂ።»

እንባውን ልጁ እንዳያይበት ፊቱን ወደ ግድግዳው ሊያዞር ጀመረና መሀል ላይ ተወው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ ጋቢውን ከራሱ አወረደ፣ ልጁ እያየው አለቀሰ።